ኖራ ውሃ ይፈራል፤ እቶኑ ለምን ባሕር ዳርቻ ተሠራ?

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሊንዲስፋርን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲጎድል በመኪና ይገባባታል፤ ሲሞላ መንገዱ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ሰው የሚያውቃት በ635 በተመሠረተው ገዳሟና በ793 ቫይኪንጎች ባደረሱባት ወረራ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጎብኚ የገዳሙን ፍርስራሽ ያያል፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ምሽግ ያያል፣ ፎቶውን ያነሳና ይመለሳል። ከምሽጉ አለፍ ብሎ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ፣ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ቅስት ቅስት በሮች አሉት። ውስጡ ጨለም ያለ መተላለፊያ አለው። ለማያውቅ ሰው ሌላ ምሽግ ይመስላል። መድፍ ግን ኖሮት አያውቅም። የኖራ እቶን ነው።

ግራ የሚያጋባው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ከእቶን የወጣ ኖራ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ውሃን ነው። ውሃ ከነካው ይግላል፣ ያብጣል፣ አጠገቡ ያለውን እንጨት እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ታዲያ ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ማዕበል በሚረጭበት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመርት እቶን ለምን ይሠራል? ደግሞ አንድና ሁለት ብቻ ቢሆኑ ስህተት ነው ብለን እናልፈው ነበር። በዌልስ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በስኮትላንድም ትንንሽ ወደቦችን እየተከተለ የሚሄድ ሰው ብዙዎቹን ያገኛል።

መጀመሪያ ስለ ኖራ ራሱ እናውራ። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዛጎልና ኮራልም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ በቀይ ባሕር ዳርቻ ኮራል፣ ድንጋዩ በሌለባቸው ሌሎች ዳርቻዎች ደግሞ ዛጎል እየተቃጠለ ኖራ ይወጣ ነበር። ድንጋዩ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ እዚያ ሙቀት ላይ ሲቆይ፣ ውስጡ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ንጹሕ ድንጋይ ከሆነ ከ100 ኪሎው 44 ኪሎ ጋዝ ሆኖ ይበናል። የሚቀረው 56 ኪሎ ነው። ድንጋዩ ግን ቅርጹን አይቀይርም። ሲገባ ጭንቅላት የሚያክል ከነበረ ሲወጣም ያንኑ ያህላል። ሲያነሱት ብቻ ነው መቅለሉ የሚታወቀው።

ይህ የተቃጠለ ኖራ ነው። ውሃ ሲፈስበት ይፋጫል፣ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ በመጨረሻ ፈራርሶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያኔ ውሃውን ጠጥቶ በርዷል፤ አደገኛነቱም በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ዱቄት ከአሸዋና ከውሃ ጋር ተቦክቶ ግንብ መሀል ሲገባ ደግሞ ቀስ በቀስ ከአየር ላይ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይስባል። ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። የጎንደር ፋሲል ግቢ ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በዚሁ በኖራ ነው።

ግንበኛ ኖራ እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያን ሁሉ እቶን ያስገነባው ግን ከግንበኛው ይልቅ ገበሬው ነው። ምዕራብ ብሪታኒያ ዝናብ አይለየውም። ዝናብ በበዛበት አገር አፈር ውስጥ ያለው ካልሲየም እየታጠበ ይወርዳል፤ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ፍግ ቢጨመርበትም ሰብሉ የሚገባውን ያህል አይጠቀምበትም። ይህ ለእኛ አገር ገበሬ አዲስ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ የአሲዳማነት ችግር እንዳለበት ይነገራል። የጎጃምና የወለጋ ደጋማ አካባቢዎች ችግሩን በደንብ ያውቁታል። መድኃኒቱም ያው ኖራ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ዛሬ ለእርሻ የሚከፋፈለው ኖራ በአብዛኛው አይቃጠልም። ድንጋዩ በማሽን ይፈጫል፣ በጆንያ ይገባል፣ አለቀ። በ1700ዎቹ ጠንካራ ድንጋይን በብዛትና በርካሽ ዱቄት የሚያደርግ ማሽን አልነበረም። በመዶሻ ቢቀጠቅጡት የሚያገኙት ጠጠር ነው። ጠጠር ደግሞ ማሳ ላይ ቢበተን ሳይሟሟ ዓመታት ይቆያል፤ አሲዱን ለማርከስ ደቃቅ መሆን አለበት። የተቃጠለ ኖራ ግን ውሃ ሲያገኝ ራሱን በራሱ ያደቅቃል። ለገበሬው እቶኑ የወፍጮ ሥራ ይሠራለት ነበር። ይህን ሳይረዱ የእቶኖቹን ብዛት መረዳት ይከብዳል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። አሲዳማ መሬት የሚፈልገው ኖራ በኪሎ አይቆጠርም፤ በሄክታር በቶን ነው። የዚያን ጊዜ የገጠር መንገድ ጭቃና አቀበት ነበር። አንድ የጭነት ፈረስ ጀርባው ላይ የሚይዘው ከመቶ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ መርከብ ግን በጥቂት መርከበኞች ብዙ አስር ቶን ትሸከማለች። ስለዚህ የዘመኑ አውራ ጎዳና ባሕሩ ነበር። ከባድ ነገር የሚሸጥ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ወደ ውሃው ይጠጋል።

እሺ፣ ባሕሩ መንገድ ነው እንበል። ታዲያ ማቃጠሉ የት ይሁን? ክብደቱን ብቻ ካየን መልሱ ቀላል ነው። ድንጋዩ ሲቃጠል ከክብደቱ 44 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ድንጋዩ የሚወጣበት ቦታ ላይ አቃጥሎ ኖራውን መጫን ነው የሚያዋጣው። ግማሽ ለሚጠጋ የማይረባ ክብደት ማን የመርከብ ኪራይ ይከፍላል?

በደቡብ ምዕራብ ዌልስ በፔምብሮክሽር፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ በሰሜን ዴቨን የነበሩ ሰዎች ከፈሉ። ጥሬውን ድንጋይ በመርከብ እያመጡ፣ የድንጋይ ከሰሉንም በመርከብ እያመጡ፣ ገበሬው አጠገብ ያለች ትንሽ የባሕር ሰርጥ ውስጥ አቃጠሉት። ሶልቫና ፖርትክላይስ የተባሉት የፔምብሮክሽር ትንንሽ ወደቦች ላይ የእነዚህ እቶኖች ቅሪት ዛሬም ውሃው ጥግ ቆሞ ይታያል። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሌለ ሁሉም በባሕር የመጣ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ለመረዳት አትላንቲክን መሻገር ይጠቅማል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ሮክላንድ የምትባል የወደብ ከተማ በ1800ዎቹ በኖራ ንግድ ትታወቅ ነበር። እዚያ ኖራው ተቃጥሎ በበርሜል ታሽጎ ነበር መርከብ ላይ የሚወጣው። ከእንጨት የተሠራ መርከብ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ውሃ ማስገባቱ አይቀርም። ውሃው በርሜሉን ካገኘው ኖራው ይግላል፣ ያብጣል፣ በርሜሉን ይሰነጥቃል፣ እንጨቱ ይያያዛል። መርከበኛው ባሕር መሀል ነው። ዙሪያውን ውሃ ነው። እሳቱ ላይ ግን አንዲት ባልዲ ማፍሰስ አይችልም፤ ካፈሰሰ ቀሪው ኖራም ይነሳል። የነበረው አማራጭ አየር መከልከል ነበር። የጭነቱን ክፍል በር፣ እያንዳንዷን ስንጥቅ፣ ጭስ የሚወጣባትን ቀዳዳ ሁሉ ከዚያው ከኖራ በተሠራ ምርጊት ይመርጉና ወደብ ይዘው ይጠብቃሉ። ይህ ጥበቃ ለሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል። እሳቱ ሳይጠፋ ቀርቶ የነደዱ መርከቦች ብዙ ናቸው።

ጥሬ ድንጋይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። እንዲያውም ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ምንም አይሆንም፤ ይህንንም ተጠቅመውበታል። በአንዳንድ ሰርጦች ወደብም መድረክም የሚባል ነገር አልነበረም። መርከቧ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ዳርቻው ትጠጋለች፣ ድንጋዩን እዚያው ባሕር ውስጥ ትወረውራለች። ባሕሩ ሲጎድል የመንደሩ ሰው ጋሪና ፈረስ ይዞ ይወርድና ድንጋዩን ይለቅማል። ሌሎቹ መርከቦች ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ያራግፋሉ። የኪራዩ ኪሳራ እንግዲህ በዚህ ይካካሳል። 44 ኪሎ ትርፍ ክብደት ተጭኖ በሰላም መድረስ፣ ቀሎ ከመቃጠል ይሻላል።

ሥራው ወቅት ነበረው። የአውሮፓ ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወቅት ባሕር፣ ለእነዚህ ትንንሽ መርከቦች አይሆንም፤ ስለዚህ እቶኖቹ የሚነዱት በአብዛኛው ከፀደይ እስከ መኸር ነው። ገበሬው ጋሪውን ይዞ ይመጣል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ትኩሱን ኖራ ይጭናል፣ ከዚያ ሰማዩን እያየ ወደ ቤቱ ይሮጣል። መንገድ ላይ ዝናብ ከያዘው ጋሪው ራሱ ሊነድ ይችላልና።

ሊንዲስፋርን ግን የተገላቢጦሽ ነች፤ ለዚህም ነው ከሁሉም በላይ የምትስበኝ። ኖራ ድንጋዩ በደሴቷ ሰሜን በኩል አለ። ከሰሉ ግን ከውጭ መምጣት ነበረበት። በ1860ዎቹ ዊልያም ኒኮል የተባለ የዳንዲ ነጋዴ፣ ከስኮትላንድ መሆኑ ነው፣ ካስል ፖይንት ላይ ስድስት ጉድጓድ ያለው እቶን አሠራ። ድንጋዩ ከሰሜኑ ዳርቻ ፈረስ በሚጎትታቸው ፉርጎዎች፣ በሐዲድ ይመጣል። ከሰሉ ከዳንዲ በመርከብ ይመጣል። መርከቡ ከሰሉን ካራገፈ በኋላ ባዶውን አይመለስም፤ የተቃጠለ ኖራ ይጭናል። እዚህ ላይ እንግዲህ ዌልሶች የሸሹት አደጋ ተመርጦ ገብቷል። ሒሳቡ ግን ይገባል። ድንጋዩ ደሴቷ ላይ ነው፣ መርከቡ የግድ መምጣቱ ነው፣ የሚመለሰው ጭነት ደግሞ በግማሽ ሊቀል ምንም አልቀረውም። የቀረው ጥንቃቄ ኖራው ከእቶኑ አፍ እስከ መርከቡ ያለውን ርቀት ማሳጠር ነው። እቶኑ ባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመው ለዚህ ነው። የመርከብ መጠጊያው የእንጨት ምሰሶዎች ቅሪት አሁንም ከፊት ለፊቱ ይታያል።

አሁን ግንቡን እንየው። እቶን ሲባል በእርግጥ ሁለት ግንብ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። የውስጠኛው እሳቱን የሚይዘው ጉድጓድ ነው። ቅርጹ ጫፉ እንደተቆረጠ እንቁላል ነው፤ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። የሚጠበው በምክንያት ነው። ድንጋይ ሲቃጠል ክምሩ ይሰበሰባል፤ ግድግዳው አብሮ ካልተጠጋ ጎን ለጎን ክፍተት ይፈጠራል፣ አየሩም በዚያ ሾልኮ ያመልጣል።

የዚህ ጉድጓድ ግድግዳ ከምን ይሠራል? የኖራ ድንጋይ ክምር አጠገባቸው አለ፤ ርካሽ ነው፤ ግን አይሆንም። እቶኑ የራሱን ግድግዳ አቃጥሎ ኖራ ያደርገዋል። ስለዚህ እሳት የሚነካው ገጽ ወይ አሸዋማ ድንጋይ ነው ወይ እሳት የሚችል ጡብ። በጡቦቹ መሀል የሚገባውም ኖራ ሳይሆን ሸክላ ጭቃ ነው። ኖራ የሚሠራ ቤት በኖራ አይሠራም! የውጭው ግንብ ግን ከእሳቱ ስለሚርቅ እንደልብ ነው፤ በአካባቢው በተገኘ ድንጋይ፣ በኖራም ተያይዞ ይገነባል።

በሁለቱ ግንቦች መሀል ያለው ቦታ በድንጋይ ፍርካሽና በአፈር ይሞላል። ሲያዩት ቁጠባ ይመስላል። ሥራው ግን ትልቅ ነው። አንደኛ ሙቀቱን ይይዛል። ሁለተኛ፣ ውስጠኛው ግድግዳ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በቀጥታ ከውጭው ግንብ ጋር ቢጣበቅ ኖሮ በየጊዜው ይሰነጥቀው ነበር። ልቅ የሆነው ሙሌት እንቅስቃሴውን ይውጠዋል። ሁሉንም ግን አይውጠውም። የውጭ ግድግዳዎቹ ወፍራም ሆነው ወደ ላይ ሲሄዱ ትንሽ ወደ ውስጥ የሚያዘነብሉት የውስጡን ግፊት ለመቋቋም ነው። አንዳንዶቹ እቶኖች ላይ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ የብረት ዘንጎች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ክብ ወይም መስቀል መሳይ ብረት ከውጭ ይታያል። ጌጥ አይደለም። ግንቡ እንዳይበረገድ የሚይዘው ዘንግ ማሠሪያ ነው።

ምሽግ የሚያስመስሉት ቅስቶች ደግሞ የሠራተኛው በሮች ናቸው። ቅስቱ ከውጭ ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ከጉድጓዱ ግርጌ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በእሷ አየር ይገባል፣ በእሷው ኖራ ይወጣል። ከላይ ያለው ክብደት ከባድ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ሰፊ ክፍተት ያለ ቅስት መክፈት አስቸጋሪ ነበር፤ ቅስት ሸክሙን ወደ ግራና ቀኝ ያካፍለዋል። ጥልቀቱም ሌላ ጥቅም አለው። የወጣው ኖራ ዝናብ ሳይነካው እዚያው ጥላ ሥር ይጠብቃል። ብዙ እቶኖች ለአንድ ጉድጓድ ከአንድ በላይ ቅስት አላቸው። ባሕር ዳርቻ ነፋስ አቅጣጫ ይቀያይራል። ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ ነፋሱ በገባበት ጎን ድንጋዩ ያርራል፣ በሌላው ጎን ጥሬ ይቀራል። ከአንድ በላይ ከሆነ አንዱን ጋርዶ ሌላውን መክፈት ይቻላል።

ጭነቱ የሚገባው ከላይ ነው። ስለዚህ እቶኑ ገደል ወይም ቁልቁለት ተደግፎ ይሠራል፤ ቁልቁለት ከሌለ መወጣጫ ይገነባለታል። ሊንዲስፋርን ላይ ፉርጎዎቹ በቀጥታ ወደ እቶኑ አናት ነበር የሚመጡት። ጉድጓዶችን አጠገብ ለአጠገብ ማድረግም ብልሃት ነው። አንዱ የሌላውን ግድግዳ ያሞቃል፣ ድንጋይም ይቆጥባል። በስኮትላንድ ፋይፍ ውስጥ ያለችው ቻርልስታውን በዚህ ታዋቂ ናት። አምስተኛው የኤልጂን ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ቻርልስ ብሩስ በ1700ዎቹ የመሠረቱት መንደር ነው፤ ወደቡ ፊት ለፊት 14 እቶኖች በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል።

አቃጣዩ ሥራውን የሚጀምረው ከታች ጭራሮ ደልድሎ ነው። ከዚያ ከሰል፣ ድንጋይ፣ ከሰል፣ ድንጋይ፣ እየደራረበ እስከ አፉ ይሞላል። እንደ ከሰሉ ዓይነት ለአንድ እጅ ከሰል ከሦስት እስከ አምስት እጅ ድንጋይ ይገባል። ዌልሶች የሚጠቀሙት ድቃቂ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ነበልባል አያበዛም፣ ቀስ ብሎ ይነዳል። አንዴ ከተያያዘ እሳቱ ጉድጓዱ መሀል ላይ ይቀመጣል። ከላይ ያለው ድንጋይ በሚያልፈው ሙቀት ተራውን እየጠበቀ ይሞቃል። ከታች የተቃጠለው ኖራ በሚገባው አየር ይበርዳል፤ አየሩ ደግሞ በዚያው ሞቆ ወደ እሳቱ ይደርሳል። ከታች በወጣ ቁጥር ከላይ ይጨመራል። ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታትና ለወራት ሳይጠፋ ይቀጥላል። በ1700ዎቹ ይህን ያሰቡ ሰዎች ሙቀት መልሶ የመጠቀምን ነገር ከማንም መሐንዲስ ሳይማሩ ደርሰውበታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቴርሞሜትር የለም። ቶሎ ከተወጣ የድንጋዩ እምብርት ጥሬ ይሆናል። ከመጠን በላይ ከነደደ ደግሞ ገጹ ይቀልጥና ይታሸጋል፤ እንዲህ ያለው ኖራ ውሃ ቢፈስበት እሺ ብሎ አይፈርስም። አቃጣዩ የሚዳኘው በጭሱ መልክ፣ በእሳቱ ቀለም፣ በእጁ ሲያነሳው በድንጋዩ ቅለት ነው።

ሥራው ሰውን ይጎዳል። የኖራ ብናኝ ዓይን ውስጥ ከገባ እዚያው እርጥበት አግኝቶ ያቃጥላል። ላብም እርጥበት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ከእቶኑ አፍ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ከሰሉ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። በብርድ ሌሊት የእቶን አናት የሚሞቅ ብቸኛ ቦታ ነው። መጠለያ የሌላቸው መንገደኞች እዚያ ጋደም ብለው ሳይነቁ የቀሩበት ዜና በ1800ዎቹ የብሪታኒያ ጋዜጦች ላይ በተደጋጋሚ ወጥቷል።

ያቆማቸው አንድ ነገር አይደለም። ባቡር መጣና ከሩቅ አገር የተቃጠለ ርካሽ ኖራን እስከ ገጠር ጣቢያ ድረስ አደረሰ። የውጭ ማዳበሪያ ገባ። ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 የፈጠራ መብት ያወጣበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ግንበኛውን ወሰደ። በኋላ ድንጋይ የሚፈጨው ማሽን ገበሬውንም ወሰደ። ሊንዲስፋርን ላይ እሳቱ የ1800ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ጠፋ። ቻርልስታውን ግን እስከ 1956 ድረስ ተንፏቀቀች።

ግንቦቹ ቀሩ። ለማፍረስ ከባድ ናቸው፣ ድንጋያቸውም ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። ከሊንዲስፋርን በስተደቡብ ቢድኔል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ያሉት እቶኖች ቅስቶቻቸው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነዋል። እነሱንም የሊንዲስፋርኑንም ዛሬ የሚንከባከበው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ድርጅት ነው።

ከእነዚህ አንዱ ጋ መሄድ የሚችል ሰው ቅስቱ ውስጥ ገብቶ ጥጉን ቢያይ ይመከራል። እሳት የነካው ጡብ ወይም ድንጋይ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ላዩ እንደ መስታወት ቀልጦ ይገኛል። ከኋላው ያለው ድንጋይ ግን መልኩ አልተለወጠም፤ ሁለቱ ግንቦች የት ላይ እንደሚለያዩ በዓይን ይታያል። አናቱ ላይ ለመውጣት ያሰበ ግን አጥሩን ያክብር። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፣ አንዳንድ ቦታም አፋቸው በሣር ተሸፍኗል። ወደ ሊንዲስፋርን የሚሄድ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ይይ፤ በየዓመቱ መኪናውን ውሃ የሚውጥበት ሰው አይጠፋም።